የአጎቴ ሳጥን ሙሉ ኮሚክ፦ ደሴ ላይ ማን ይገዛኛል? በስንትስ ልሽጠው?

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ ፦ ሰኞ፣ ማታ 2:10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። "ኮሚክ" ስል የሚያስቅ ሰው ማለቴ አይደለም። ትናንት ለጓደኛዬ ደውዬ "ኮሚክ ልሸጥ ነው" ብለው "የትኛውን ዘመድህን?" አለኝ። የምለው በሥዕል የሚተረከውን ቀጭን የፈረንጅ መጽሔት ነው።

አጎቴ አስመራ፣ ቃኘው ስቴሽን፣ የአሜሪካኖቹ ካምፕ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ቤት ይሠራ ነበር። ወታደሮቹ አንብበው የሚጥሉትን እየለቀመ ያስቀምጥ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ደሴ ሲመለስ አንድ የብረት ሳጥን ሙሉ ይዞ መጣ። በደርግ ጊዜ "የኢምፔሪያሊስት ወረቀት" እንዳይባልበት ኮርኒስ ውስጥ ሸጎጠው። በ2014ቱ ጦርነት እኛ ሸሽተን ቤቱ ሲዘረፍ ቴሌቪዥኑም ፍራሹም ሄደ። ሳጥኑን ግን ከፍተው አይተው ትተውታል። ወረቀት ማን ይሸከማል?

አጎቴ ዓምና አረፈ። ባለቤቱ እትዬ ሳጥኑን ለስኳር ፈልጋዋለች። "ይሄን ወረቀት አንሣልኝ" አለችኝ። ቆጠርኩት፣ 63 ነው። አምስቱን ይዤ ፒያሳ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ልጅ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም በ1,500 ብር እወስዳለሁ አለ። ልስማማ ስል አንድ ዜና አነበብኩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሦስት ወንድማማቾች ከሟች እናታቸው ቤት ጣራ ሥር የ1939ኙን የመጀመሪያውን የሱፐርማን ቁጥር አግኝተው በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. በ9.12 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቆሎ_በኑግ ፦ ሰኞ፣ ማታ 2:31

ልጅ ሆኜ ሰኞ ገበያ እናቴ በርበሬ ስትገዛ መጠቅለያው ላይ አንድ ካውቦይ ሽጉጥ ሲመዝ አየሁ። ወረቀቱ እዚያው ላይ ተቀደደ። ተኮሰ አልተኮሰ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። የአጎትህ ሳጥን ውስጥ ካለ ንገረኝ።

9 ሚሊዮኑን ግን እርሳው። ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሐረጎ_ቁልቁለት ፦ ሰኞ፣ ማታ 3:05

ወንድሜ፣ ያንን የፒያሳ ልጅ በክፉ አትየው። እሱ የሚያስበው በቀን ሒሳብ ማከራየትን ነው። እንግሊዝኛ ኮሚክ ደሴ ላይ ስንት ሰው ይከራያል? ካልሆነለት ለሱቅ መጠቅለያ በኪሎ ይሰጠዋል። በሱ ሚዛን 1,500 ብዙ ነው። አንተ መጠየቅ ያለብህ ሌላ ሚዛን ያለው ሰው ነው።

ሌላው፣ ሳጥኑ ሥር ብራና ወይም በእጅ የተጻፈ የዐረብኛ ኪታብ ካለ ከዚህ ጋር አትደባልቀው። ወሎ ነው፣ በየቤቱ አይጠፋም። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ እንዲህ ያለውን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ኮሚኩ እዚህ ውስጥ አይገባም፣ አብሽር።

አሮጌ_ወረቀት ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:40

ልጄ፣ አሜሪካ 19 ዓመት ኖሬ ነው ኮምቦልቻ የተመለስኩት። እዚያ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የኮሚክ ሱቅ ውስጥ ሣጥን እየደረደርኩ እሠራ ነበር። የማውቀውን ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል።

እርጅና ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ሱቃችን በጣም የሚያዝኑ ሰዎች ይመጡ ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኤክስ ሜን ቁጥር 1 በላስቲክ ጠቅልለው ለልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ ብለው ያስቀመጡ። ያ እትም ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ነው የታተመው። ሁሉም ሰው አስቀምጦታል። ስለዚህ ማንም አይፈልገውም። የ1939ኙ ሱፐርማን የተወደደው ልጆች አንብበው ስለጣሉት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለወረቀት እጥረት ተሰብስቦ ስለተቦካ ነው። የተረፈው ጥቂት ነው።

ዋጋ የሚያወጣው የትኛው ቁጥር እንደሆነ ነው። አንድ ታዋቂ ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ የታየበት ከሆነ ፈላጊ አለው። የካውቦይ፣ የፍቅርና የጦር ሜዳ ታሪክ አብዛኛው ርካሽ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ጉዳቱ ነው። እዚያ አገር ሲጂሲ የሚባል ድርጅት አለ፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ። ኮሚኩን መርምሮ ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ ሰጥቶ በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽገዋል። በአንድ ዓይነት ቁጥር ላይ በ9.8ና በ3 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የቪላና የጭቃ ቤት ያህል ነው።

አሁን የማታደርገውን ልንገርህ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፍ። የደሴ ጭጋግ አረጠበው ብለህ ፀሐይ ላይ አታስጣ። በካውያ አትተኩስ (ሰው አድርጎት አይቻለሁ)። እንደ ደብተር በጋዜጣ አትሸፍን። ፌስታል ውስጥም አትክተት፣ ያልበዋል። በሁለት ንጹሕ ካርቶን መሃል አስተኝተው፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ አስቀምጥ።

ከዚያ እያንዳንዱን ክፈትና ከሽፋኑ ጀርባ ወይም ከመጀመሪያው ገጽ ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብብ። ቁጥሩ፣ ወሩና ዓመቱ እዚያ አለ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ዋጋም ጻፍ። ብዙ ጊዜ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 12 ሳንቲም፣ በ1974 ደግሞ 25 ሳንቲም ነው። ከ3 ዶላር በላይ የሚል ካገኘህ አሮጌ መልክ የተሰጠው አዲስ እትም ነው።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 1:15

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ከሥራ ወጥቼ እትዬ ቤት ምንጣፍ ላይ ዘረገፍኩት። 22 ካውቦይ፣ 14 የፍቅር፣ 11 የጦርነት፣ 9 የልጆች ቀልድ፣ የቀረው 7 ባለ ጀግና። ሽታው የድሮ ቤተ መጻሕፍት ይመስላል፣ ትንሽ ናፍታሊን አለው። የመስፊያ ሽቦው አንዳንዱ ላይ ዝጓል። ሁሉም ላይ አጎቴ ስሙንና "አስመራ" ብሎ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከሽፋኑ ጀርባ ጽፏል።

ከሰባቱ አንዱ ላይ አረንጓዴ ግዙፍ ሰውዬ አለ። ከሱ ጋር የሚደባደበው ቢጫ ልብስ የለበሰ አጭር ሰው ነው፣ ከእጁ ስለት ወጥቷል። ቁጥር 181፣ 25 ሳንቲም፣ ኅዳር 1974 ይላል።

ቆሎ_በኑግ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 1:22

ካውቦዩስ? ተኮሰ?

አሮጌ_ወረቀት ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 1:30

እጅህን ታጠብ። ደረቅ አድርገው። ሻይም ቡናም ካጠገብህ አርቅ።

ያ አረንጓዴው ሀልክ ነው። ቢጫው ውልቬሪን ነው፣ በኋላ በጣም የታወቀው ጀግና። በቁጥር 180 የመጨረሻ ሥዕል ላይ ብቅ ይላል፣ ሙሉ ሆኖ የወጣው ግን በ181 ነው። የዚያ ዘመን ሰብሳቢ ሁሉ የሚፈልገው ይሄን ነው። ንጹሕና ሙሉ ከሆነ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

"ሙሉ" ያልኩት በምክንያት ነው። የአንባቢ ደብዳቤዎች ያሉበትን ገጽ ፈልግ። የፖስታ ቴምብር የምትመስል ትንሽ ሥዕል አለች ወይ?

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 1:44

ገጹ አለ። ቴምብሯ መሆን ባለባት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው ያለው። በመቀስ ነው የተቆረጠችው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው።

አሮጌ_ወረቀት ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 1:50

አይ።

በዚያ ዓመት አሳታሚው ማርቨል ኮሚኮቹ ውስጥ ልጆች ቆርጠው የሚሰበስቧቸው 100 ቴምብሮች ያትም ነበር። ልጆቹም ታዘዙ፣ ቆረጡ። ዛሬ ሰው ሀልክ 181 ሲገዛ ከሽፋኑ ቀጥሎ የሚያየው ያንን ገጽ ነው። ቴምብሯ ከሌለች ዋጋው ከሺዎች ወደ መቶዎች ይወርዳል። መቶዎቹም ዶላር ናቸው፣ አትዘን። እዚያ የነበረችው ቁጥር 54 ነች፣ ሻና የምትባል ሴት ሥዕል።

የሆጤዋ ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00

ልጆቼ፣ እኔ ስለ ዋጋው አላውቅም። ወይዘሮ ስኂን ስማር የፒስ ኮር አስተማሪያችን የፍቅር ኮሚክ ታውሰን ነበር። እንግሊዝኛ የገባኝ በሱ ነው። መምህሯ "የማታውቁትን ቃል ሥዕሉን አይታችሁ ገምቱ" ትለን ነበር። መጀመሪያ የገመትኩት ቃል "ጄለስ" ነው። ሴትዮዋ ፊቷን ጥላ በመስኮት ታያለች። ምን ይጠፋኛል?

የፍቅሩን 14 ለብቻው የምትሸጥ ከሆነ እኔ እገዛለሁ። ለማንበብ ነው። ነጥብ ምናምን አልፈልግም።

ቆሎ_በኑግ ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 3:12

ጄለስ የሆንኩት እኔ ነኝ።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ ፦ ረቡዕ፣ ቀን 7:20

እትዬ የሆጤዋ፣ ለርስዎ ሆኖ ዋጋ አልጠራም፣ ቡና አፍልተው ይጠብቁኝ።

ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ማታ ኢንቦክስ አንድ ሰው ጻፈልኝ። ስሙን አልጠራም። "አረንጓዴውን ብቻ በ8,000 ብር ልውሰድልህ፣ ለልጄ ክፍል ማስጌጫ ነው" አለኝ። የጻፈው ጋሼ ስለ ውልቬሪን ካስረዱኝ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው።

ሐረጎ_ቁልቁለት ፦ ረቡዕ፣ ቀን 7:26

ልጁ ጥሩ ዓይን አለው።

ዓሊ_ከሰኞ_ገበያ ፦ ረቡዕ፣ ቀን 8:02

ወንድም፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ሻጩ የያዘውን እንደማያውቅ እያወቅክ፣ ዝም ብለህ በመቶኛው ዋጋ መግዛት ለኔ ሐላል አይመስለኝም። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። አንዲት የገጠር ሴት የአያቷን የሐር ቁራጭ በሁለት ብር ልትሸጥለት ስትል "ይሄ ይበልጣል፣ ገበያ ዙሪና ተመለሺ" ብሏታል። ተመልሳም ለሱ ነው የሸጠችው።

በርበሬ_ወንዝ ፦ ረቡዕ፣ ቀን 8:40

ኢንቦክስ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፣ ግን ገዢ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ። እንግዲህ በግልጽ እንነጋገር። እኔ አሥር ዓመት አጥንቼ ያወቅሁትን በነፃ ማስተማር ግዴታዬ ነው? እህል ነጋዴውም ጎንደር ዋጋ እንደጨመረ ለገበሬው ደውሎ አይነግርም። ዕውቀት የነጋዴ ካፒታል ነው።

ዓሊ_ከሰኞ_ገበያ ፦ ረቡዕ፣ ቀን 8:51

ገበሬው ጤፍ መያዙን ያውቃል። ይሄ ልጅ ግን ምን እንደያዘ ራሱ አያውቅም ነበር። ልዩነቱ እሱ ነው።

አሮጌ_ወረቀት ፦ ረቡዕ፣ ማታ 12:30

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ሱቃችን ውስጥ የነበረው ልማድ ይሄ ነው። ሰው "ስንት ትሰጠኛለህ?" ካለ ዋጋ እንሰጣለን፣ ያ ዋጋ ከመሸጫው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ኪራይ አለ፣ ሳይሸጥ ዓመት የሚቀመጥ አለ፣ ነጋዴ ለትርፍ ነው የሚገዛው። "ይሄ ምንድን ነው? ስንት ያወጣል?" ብሎ ከጠየቀ ግን እውነቱን እንነግራለን። የጠየቀህን ሰው ዋሽተህ መግዛት ሌብነት ነው። "ለልጄ ክፍል ማስጌጫ" ማለት ውሸት ነው። ዝም ማለት ላይ እኔም ራሴ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። አንዴ ዝም ብዬ ገዝቻለሁ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ዘግታ ስትወጣ እስከ ዛሬ ትታየኛለች።

ሐረጎ_ቁልቁለት ፦ ረቡዕ፣ ማታ 1:10

እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነው። ከጦርነቱ በኋላ እዚህ አካባቢ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ያስፈራል። የተዘረፈ ይሁን አይሁን አይታወቅም። ባለቤቱ በኋላ ቢመጣ ዕቃህንም ገንዘብህንም ታጣለህ። የኔ ጎረቤት ማቀዝቀዣ ገዝቶ እንደዚያ ሆኗል። የአጎትህ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ ፦ ረቡዕ፣ ማታ 1:18

ስሙ አለ፣ ሁሉም ላይ፣ በእስክሪብቶ። ቃኘው የሠራበት መታወቂያ ወረቀቱም እትዬ ጋ አለ።

በርበሬ_ወንዝ ፦ ረቡዕ፣ ማታ 1:25

ጽሑፉ ዋጋውን ያወርደዋል እንጂ ለኔ ይሄ ይሻለኛል። ማን እንደያዘው ያወቅኩትን ዕቃ ነው የምገዛው። ካውቦዩን፣ ጦርነቱንና የልጆቹን፣ 42ቱን፣ በ6,000 ብር እወስዳለሁ። ሰባቱን ከጋሼ ጋር ተማከሩ። ዱቤ አልጠይቅም፣ ፊት ለፊት ተገናኝተን እጅ በእጅ።

አሮጌ_ወረቀት ፦ ረቡዕ፣ ማታ 1:40

ለ42ቱ ጥሩ ዋጋ ነው፣ ስጠው። ግን ከመስጠትህ በፊት እያንዳንዱን መሃሉ ላይ ክፈት። የቃኘው ዕቃ ስለሆነ ነው። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሜሪካ ጦር ካምፖች በሚላኩ ኮሚኮች መሃል ላይ የጌጣጌጥ ሱቅ ማስታወቂያ ይሰፋ ነበር። ወፈር ያለ አንጸባራቂ ወረቀት ነው፣ ለወታደሮች በዱቤ ቀለበት የሚሸጥ። ያለበት ኮሚክ ከሌለበት ይወደዳል። ብዙ ሰው "ማስታወቂያ ነው" ብሎ ገንጥሎ ይጥለዋል።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ ፦ ሐሙስ፣ ማታ 2:00

ሦስቱ ላይ አለ! ሁለቱ ከካውቦዩ፣ አንዱ ከጦርነቱ።

እትዬ አጠገቤ ተቀምጣ ቡና እየቆላች ነበር። ማስታወቂያውን ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ጣቷን አንዷ ቀለበት ላይ አሳረፈች። "ይቺን ነው የሚገዛልኝ ያለኝ" አለች። "ሲመጣ ባዶ እጁን መጣ። ቀለበቱስ ብለው ሳጥኑ ውስጥ ነው አለኝ።" ከዚያ ቡናው እስኪያር ሳቀች። ያቺን አንዷን አልሸጥም።

በርበሬ_ወንዝ ፦ ሐሙስ፣ ማታ 2:09

ትክክል። ሁለቱን ግን 1,000 ጨምሬ እወስዳለሁ። ጋሼ ባይናገሩ ኖሮ በነፃ ይደርሰኝ ነበር። አየህ፣ ዓሊ፣ ራሴ ላይ መሰከርኩ።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ ፦ እሑድ፣ ማታ 1:30

ለማሳወቅ ያህል። ትናንት በሐረጎ ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ደሴ ጃኬት ለብሼ ተሳፍሬ እዚያ በሸሚዝ ቀረሁ። አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ አንድ ሻይ ቤት ተገናኘን። በርበሬ ወንዝ አንድ በአንድ እያገላበጠ ቆጠረ፣ 41። 7,000 ብር በቴሌብር ላከ። ወረቀት ላይ ጽፈን ተፈራረምን፣ ጋሼ አሮጌ ወረቀትም ምስክር ሆነው መጡ። ከነጭ ጓንት ጋር! የሻይ ቤቱ ልጅ ሐኪም መስለውት ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

የፍቅሩን ለየሆጤዋ አድርሻለሁ። ሁለት ጊዜ ጠጥቼ፣ በሦስተኛው ስወጣ ቆሎ በፌስታል አስይዘውኛል።

ሰባቱ እኔ ጋ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ከዋሽንግተን ይመጣል፣ በእጁ ይዞ ይሄዳል። ስንት በመቶ እንደሚወስድ በጽሑፍ ተስማምተናል፣ ዘመድ ነው ብለን አላለፍነውም።

ቆሎ_በኑግ፣ ካውቦይህን ፈልጌ ነበር። የተቀደደ ገጽ ያለው የለም።

ቆሎ_በኑግ ፦ እሑድ፣ ማታ 1:41

ሞቷል ብዬ እቀበላለሁ።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:15

ጋሼ አሮጌ ወረቀት፣ አሉ?

ዛሬ ሳጥኑን ለእትዬ ላጽዳላት ብዬ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ከክዳኑ ውስጠኛ ፊት፣ ከዝገቱ መሃል፣ ሰባት ትናንሽ ሥዕሎች ተለጥፈዋል። የአጎቴ ሥራ ነው። በዱቄት ሙጫ ይመስለኛል። ከላይ በስተግራ ያለችው ሴት ናት። ሥሯ 54 ይላል።

አሮጌ_ወረቀት ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:18

አትንካት። በጥፍርህም፣ በውሃም፣ በእንፋሎትም። ብትላጥም ብትለጠፍም ኮሚኩ እንደ ሙሉ አይቆጠርም፣ መርማሪዎቹ ያዩታል፣ ይጽፉበታል። ለብቻዋ ግን ፈላጊ አላት። ፎቶ አንሣ።

በርበሬ_ወንዝ ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:25

ቆይ። ኮሚኩ ከነቀዳዳው፣ ቴምብሯ ከነክዳኑ፣ ሳጥኑ ከነቃኘው ታሪኩ፣ ስሙ በእስክሪብቶ። እንደዚህ ያለ አንድም ቦታ የለም። ሳጥኑን ጨምራችሁ ስንት ትሉታላችሁ? እትዬን ጠይቅልኝ።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 7:00

ጠየቅኳት። "ስኳሬን የት ላስቀምጥ?" አለች።

ሐረጎ_ቁልቁለት ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 7:04

ትልቅ ጣሳ ግዛላት እንጂ!

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 12:50

ከአራዳ ባለ ክዳን ጣሳ ገዝቼ ሄድኩ። ደስ አላት፣ መረቀችኝ። ጣሳው ውስጥ ሽሮ ጨመረችበት።